ላም አለኝ በሰማይ፦ ሮኬት ሄዶ ማየት ነውር ነው ለሚሉን

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።»

ይህን ተረት የተረቱብኝ፣ አትላንታ አጠገብ ባለችው ክላርክስተን ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና የምንጠጣበት ቤት፣ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው። ጥፋቴ ምን ነበር? ባለፈው ቅዳሜ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሰባት ሰዓት ያህል ነድቼ ፍሎሪዳ በመሄድ ሮኬት ሲተኮስ ማየቴን ነገርኋቸው።

«ልጄ፣» አሉኝ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ሀገር ቤት ሰው በጥይትና በረሃብ እያለቀ፣ አንቺ ርችት ልታዪ ቤንዚን ታቃጥያለሽ?»

ጠረጴዛውን የከበቡት ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ እኩያዬ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ፣ «ይኸው እኮ! በአራት ደቂቃ አይተሽ ትጨርሺዋለሽ። ለዚህ ነው ያን ሁሉ መንገድ የሄድሽው?» አለኝ።

ያን ቀን የረባ መልስ አልሰጠሁም። ሳቅሁና ቡናዬን ጠጣሁ። ሁለቱን ወቀሳዎች ግን ከዚያ ወዲህ በሌላ ሌላ አፍ ደጋግሜ ሰምቻቸዋለሁ። አንደኛው «እንጀራ ይቅደም» ይላል፤ ሁለተኛው «በስልክ ማየት ይበቃል» ይላል። የመጀመሪያው የቁም ነገር፣ የኋለኛው የቀልድ ይመስላል። ሁለቱም የሚያዙኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ ቤትሽ ተቀመጪ፣ አትዪ።

ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልሴ ነው። አቋሜን ከመነሻው ልናገር። የእንጀራው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቦታው ግን ሮኬቱ ፊት ነው። ሳያዩ የሚጠይቁት የእንጀራ ጥያቄ፣ ጥያቄነቱ ይቀርና ላለማየት ሰበብ ይሆናል።

ያየሁት

ምስክር ከነገሩ በፊት ያየውን ይናገራልና እኔም ከዚያ ልጀምር።

ታይተስቪል የምትባለው ከተማ ኢንዲያን ሪቨር ከሚሉት ሰፊ ውኃ ዳር ተዘርግታለች። ከውኃው ማዶ ኬፕ ካናቬራል አለ። ከቆምሁበት እስከ ማስወንጨፊያው ድረስ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለመግቢያ የሚከፈል ነገር የለም። ሰው ከነልጆቹ፣ ከነብርድ ልብሱ፣ ከነተጣጣፊ ወንበሩ ውኃው ዳር ተደርድሯል። ሮኬት አልሮኬት ግድ የሌላቸው ዓሣ አጥማጆች መንጠቋቸውን ጥለው ቆመዋል። ወባ ያልያዘች መሆኗ እንጂ ቢንቢዋ የጋምቤላን ቢንቢ ታስንቃለች።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ላይ አድማሱ ብርቱካናማ ሆነ። ብርሃኑ ውኃው ላይ ረዥም መስመር ዘረጋ፤ የሰዎች ፊት ታየ። ከዚያ ብርሃኑ ከመሬት ተላቆ ወደ ላይ ወጣ። በዚህ ሁሉ መካከል ምንም ድምፅ የለም። ያን ያህል እሳት ያለ ድምፅ ሲወጣ ማየት፣ ሰው እየጮኸ ጆሮ እንደ መድፈን ያለ ነገር ነው። አጠገቤ የቆመች ሕፃን «ተበላሸ?» ብላ እናቷን ጠየቀች። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ያን ርቀት ለማቋረጥ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ሮኬቱ ከደመናው ጫፍ በላይ ሆኖ ትንሽ ኮከብ ሲመስል ነው ጉርምርምታው በውኃው ላይ እየተንከባለለ የደረሰን። የሰማነው ያለፈውን ነው። የምናየውና የምንሰማው አንድ ጊዜ ላይ አልነበሩም።

ስለ ሮኬቱም ጥቂት ልበል። አትላስ 5 ይባላል፤ ቁመቱ ወደ 57 ሜትር ነው። ዋናው ሞተሩ ሩሲያ ውስጥ የተሠራው አርዲ 180 ነው። የሚያቃጥለው በጣም የተጣራ ላምባ ነው፤ እናቶቻችን ወጥ የሠሩበት ላምባ የቅርብ ዘመድ፣ ከፈሳሽ ኦክስጅን ጋር። የተሸከማት መንኮራኩር ስም ደግሞ ሉሲ ነው። ይህች መንኮራኩር ስሟን ያገኘችው በ1974 እ.ኤ.አ. በአፋር ሀዳር ከተገኘችው፣ እኛ ድንቅነሽ ከምንላት የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጽም ነው። ጁፒተር ፀሐይን በሚዞርበት መንገድ ላይ አብረውት የሚዞሩትን ጥንታዊ ዐለቶች እንድትጎበኝ ነው የላኳት። ድንቅነሽ ስለ ሰው አመጣጥ እንደ ነገረችን፣ እነዚያ ዐለቶች ስለ ፕላኔቶች አመጣጥ ይነግሩናል በሚል ተስፋ ነው ስሙ የተሰጣት።

እንግዲህ ሞተሩ ሩሲያዊ፣ አካሉ አሜሪካዊ፣ ስሙ ከአፋር መሬት የወጣ ነገር በራሴ ዓይን ፊት ወደ ሰማይ ሄደ። «የሰው» የተባለልኝ ወጥ ይህ ነው። ይህ ወጥ የሰው ብቻ ከሆነ የእኛ የምንለው ምን ቀረ?

ጥያቄውን ቆሞ የጠየቀው ሰው

እንጀራ ይቅደም የሚሉ ሰዎች ጥያቄያቸውን አዲስ ያደርጉታል። አዲስ አይደለም። ከሁሉም በላይ አሳምሮ የጠየቀው ሰው እዚያው ኬፕ ካናቬራል ላይ ቆሞ ነው የጠየቀው።

በሐምሌ 1961 ዓ.ም. አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ የትግል ጓድና ተተኪ የነበረው ቄስ ራልፍ አበርናቲ ድሆች ቤተሰቦችን አስከትሎ፣ በቅሎዎች አስቀድሞ፣ ወደ ማስወንጨፊያው ማዕከል መጣ። አሜሪካ ሰው ወደ ጨረቃ ለመላክ ቢሊዮኖች ስታፈስ፣ በዚያው በደቡብ ክፍለ ሀገሮቿ ልጆች ተርበው ያድራሉ ሲል ተናገረ። የናሳ ዋና አስተዳዳሪ ቶማስ ፔይን ኮት ሳይለብስ በካፊያ ውስጥ ሊቀበለው ወጣ። ፔይን የሰጠው መልስ በፍሬ ነገሩ፣ ነገ ቁልፉን ባለመጫን ድህነትን ማጥፋት ቢቻል ኖሮ ቁልፉን ባልተጫንነው ነበር የሚል ነው። ይህ መልስ ያጠግባል ብዬ አልከራከርም። እኔን አያጠግበኝም። አበርናቲ የጠየቀው ቁልፉ እንዳይጫን አልነበረምና።

አበርናቲ ምን ጠየቀ? ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ፣ ከተከተሉት ቤተሰቦች የተወሰኑት በእንግዶች ቦታ ሆነው ሮኬቱ ሲነሣ እንዲያዩ ነው። ተፈቀደለትም። በማግሥቱ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በየዳርቻው ተሰብስቦ ሲያይ፣ ከሚያዩት መካከል እነዚያ ቤተሰቦች ነበሩ። አበርናቲ ራሱም በዚያች ቅጽበት የተሰማውን ኩራት አልደበቀም፤ ተቃውሞውንም አላነሣም።

ይህን ታሪክ የእኛ «እንጀራ ይቅደም» ባዮች ልብ ብለው ቢያዩት እወዳለሁ። አበርናቲ ለድሆቹ ሲሟገት «እናንተ ድሆች ናችሁ፣ ይህ አይመለከታችሁም» አላላቸውም። ወሰዳቸው። ርቦት የሚያይ ሰው ከጠገበው ተመልካች የበለጠ የመጠየቅ መብት እንዳለው ያውቅ ነበር። የእኛ ሰዎች የሚያደርጉት ግን ተቃራኒውን ነው። በተራበው ስም እየተናገሩ፣ የተራበው ሰው ቀና ብሎ የማየት መብት የለውም ይሉናል። ከእንጀራው በፊት ዓይኑን ይነጥቁታል። በሚቀጥለው ዓመት ጊል ስኮት ሄረን የነጩን የጨረቃ ጉዞ የወረፈበትን ዝነኛ ግጥሙን አወጣ፤ ያም ግጥም የተጻፈው ነገሩን ትክ ብሎ ባየ ሰው ነው። መራር ተቃውሞ ከማየት ይወለዳል፤ ከመቅረት አይደለም።

ረሃብና ዓይን

«ግን እኮ ረሃብ» ይሉኛል። እሺ፣ ስለ ረሃብ እናውራ።

የ1965 እና የ1966ቱ የወሎ ረሃብ ያን ያህል ሰው የፈጀው ሀገሪቱ ገንዘቧን ሮኬት ላይ አውላ አልነበረም። ረሃቡ እንዳይታይ ተደርጎ ነው። የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው በፎቶግራፍ ማስረጃ ተመልሰው ግቢያቸው ውስጥ አሳዩ። ቆይቶ ጆናታን ዲምብልቢ ካሜራውን ይዞ ሄደ፤ ፊልሙ በጥቅምት 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ደነገጠ። በዓመቱ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አዳብሎ በማሳየት ንጉሡን ለማውረድ መንደርደሪያ አደረገው። የረሃብ ወዳጅ ማን ነው? መጋረጃ ነው። መጋረጃውን የገለጡት ደግሞ ተነሥተው የሄዱ ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛውም ረሃብ ይመስክር። ከ1977ቱ እልቂት በኋላ፣ በ1985 እ.ኤ.አ.፣ የአሜሪካ የልማት ርዳታ ድርጅት የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋመ። ይህ ሥርዓት ከሚመረኮዝባቸው መረጃዎች ዋነኛው የሳተላይት ምስል ነው። ሳተላይት የምድሩን አረንጓዴነት ከላይ ሆኖ ይለካል። ዝናቡ ሲያጥር፣ ሰብሉ ሳይጎመራ ሲጠወልግ፣ ገበሬው እህሉን ጨርሶ ከመሰደዱ በፊት በምስሉ ላይ ይታያል። ሳተላይት ደግሞ በበቅሎ አይወጣም፤ በሮኬት ነው የሚወጣው። በእኛ ሙታን ምክንያት ሰማይ ላይ የተሰቀለ ዓይን አለ ማለት ነው። እንጀራና ሮኬት ጠላቶች ናቸው የሚለው ሰው ይህን አያውቅም፤ ወይም ማወቅ አይፈልግም።

በሌላ በኩል ሳተላይት ረሃብን አጠፋ ብዬ ብናገር እዋሻለሁ። ሳተላይት ያያል እንጂ እህል አያጓጉዝም። በጥር 2017 የአሜሪካ የውጭ ርዳታ ሲታገድ የዚያ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ድረ ገጽ ጠፋ፤ ሥራውም ተቋረጠ። ሳተላይቶቹ ግን መዞራቸውን አላቆሙም። ምስሉ እየወረደ አንባቢው ተሰናበተ። በዚያው ሰሞን ከፍሎሪዳ ሮኬት ሲነሣ ነበር። ይህን በደል በሚገባ መናገር የሚችለው ማን ነው? ሮኬቱ ስለ ምን እንደሚነሣ፣ ምን እንደሚሸከም፣ በማን ገንዘብ እንደሚሄድ አይቶ የሚያውቅ ሰው ነው። እዚህ የምንኖር ብዙዎቻችን ግብር ከፋዮች ነን። ታክሲ ነድተን፣ አረጋውያን አጥበን፣ መኪና ጠብቀን ከምናገኘው ላይ ይቆረጣል። በገንዘቤ የሚነደውን እሳት ማየት ቅንጦት ነው ብሎ የሚነግረኝ ሰው፣ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ አትጠይቂ እያለኝ ነው።

«በስልክ ማየት ይበቃል»

አሁን ወደ ስልኩ እኩያዬ ልመለስ።

በስልክ የሚታየው ሮኬት ሁለት ነገር ይዋሻል። አንደኛው ድምፅ ነው። ማይክሮፎኑ ማስወንጨፊያው አጠገብ ስለሚተከል እሳቱና ድምፁ አብረው ይመጣሉ፤ ያ የአንድ ደቂቃ ዝምታ የለም። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ለእኔ ግን ትልቋ ነገር እሷ ናት። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ነገሩ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ፣ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ፣ እኔም የት እንደቆምሁ ገባኝ። ስልኩ ሁሉንም እኩል ያቀርበዋል። ሮኬቱም፣ ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ የድመቷም ቪዲዮ በአንድ መዳፍ ልክ ይመጣሉ።

ሁለተኛው ውሸት ጥበቃን መቁረጡ ነው። ስልኩ የሚሰጥህ የተሳካውን አራት ደቂቃ ነው። በነሐሴ 28 ቀን 2014 ደግሞ አርቴሚስ 1 ሊነሣ ነው ተብሎ እንደገና ሄጄ ነበር። መንገዱ በሰው ተጨናንቋል፤ ፀሐዩ ይጠብሳል። ሮኬቱ ሃይድሮጅን አፈሰሰ፤ መሐንዲሶቹ ሊያስተካክሉት ደጋግመው ሞከሩ፤ አልሆነም። ተሰረዘ ተባለ። ከዚያ በፊት በነሐሴ 23ም እንዲሁ ተሰርዞ ነበር። ሰው ወንበሩን አጣጥፎ ወደ መኪናው ሄደ። እኔም ባዶ እጄን ሰባት ሰዓት ነድቼ ተመለስሁ። ሮኬቱ የተነሣው በኅዳር ነው፤ እኔ በሌለሁበት።

ከሁለቱ ጉዞዎቼ የበለጠ ያስተማረኝ ይኼኛው ነው። አንድ መንግሥት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ያፈሰሰበትን ነገር ሕዝብ ፊት አቅርቦ፣ አልሠራም ሲል አየሁ። ማፍሰሱንም፣ የት እንዳፈሰሰም፣ ለምን እንዳቆሙም ወዲያው ተናገሩ። ሪባን አልተቆረጠም። እኛ ያደግነው የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ እያጨበጨብን ነው። ድንጋዩ ላይ ሣር ሲበቅል የሚጠራን የለም። መክሸፍን በአደባባይ አይቶ የማያውቅ ሕዝብ፣ ስኬት ሲነገረው ማመንም መጠርጠርም ይቸግረዋል። በአደባባይ የሚደረግ ነገር ግን ለሚያየው ሰው ዋጋ እንደሚያስከፍል አልክድም። በጥር 1978 ዓ.ም. ቻሌንጀር በተነሣች በ73 ሰከንድ ስትፈርስ፣ የመምህርቷ የክሪስታ ማኮሊፍ ወላጆች መቀመጫ ላይ ሆነው ወደ ላይ ያዩ ነበር። ሰባት ሰዎች ሞቱ። ያን ያህል ዓይን ስላየው ግን ነገሩ በዝግ በር ሊታለፍ አልቻለም። በምርመራው ጉባኤ ላይ ፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን የላስቲኩን ማሸጊያ ቁራጭ በበረዶ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ቅዝቃዜ እንዴት እንደሚያደርገው ሁሉ እያየው አሳየ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል የሚለው አባባላችን ፍርዱን ከማየት በኋላ ያስቀመጠው ያለ ነገር አይደለም።

ላሚቷና ወተቷ

የራሳችንም ነገር አለን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ንጋት ላይ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ 1፣ ከቻይናው ታይዩዋን ጣቢያ ተወነጨፈች። ክብደቷ ወደ 70 ኪሎ ነው። ከወጪዋ ትልቁን ድርሻ የሸፈነችው ቻይና ናት። ባለሥልጣናቱና ሳይንቲስቶቹ እንጦጦ ተራራ ላይ በሚገኘው የምርምር ማዕከል ተሰብስበው በስክሪን ተመለከቱ፤ አጨበጨቡ። ዓላማዋ ስለ እርሻ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ደንና ስለ አየር ንብረት መረጃ ማቅረብ ነው ተባለ።

በማግሥቱ በየማኅበራዊ ሚዲያው የተባለውን ታስታውሳላችሁ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።» እኔም ስቄያለሁ። ተረቱ እንዲህ ልክክ የሚልበት አጋጣሚ በሺህ ዓመት አንዴ ነው የሚገኘው።

ሥራዬ ጽሑፍ ማንበብ ነውና ተረቱን እስቲ ቀስ ብለን እናንብበው። ተረቱ ላም በሰማይ ማኖር ሞኝነት ነው አይልም። የሚያማርረው ወተቷን ባለማየቱ ነው። ግሱን ልብ በሉልኝ፤ «አልጠጣም» አላለም፣ «አላይ» አለ። የላሟ ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ስለ ወተቷ የሚያውቀው ነገር የለም። ማን ያልባታል? በየትኛው ማለቢያ? ወተቱ ለማን ይሄዳል? ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ ሁለት ነው የሚመስለን። የመንግሥት ሰዎች «ላም አለችን!» ብለው ያጨበጭባሉ፤ እኛ ደግሞ «ላም በሰማይ የለችም» ብለን እንስቃለን። ሁለታችንም ማለቢያውን አልጠየቅንም። የዚያች ሳተላይት ምስል የወሎ ገበሬ ዘንድ ደረሰ? የግብርና ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ? ማን ከፍቶ አነበበው? የሚያሸማቅቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሹመኛንም የሚያስጨንቀው ይህ ነው። ተረት ተርቶ የሚስቅ ሕዝብ ማንንም አስጨንቆ አያውቅም።

«ሮኬት የነጭ ነገር ነው» የሚሉም አሉ። እነዚህ ጎረቤታችንን ኬንያን ይጠይቁ። ማሊንዲ አጠገብ፣ ባሕሩ ላይ በተተከለው የጣሊያኖች መድረክ፣ በ1970 እ.ኤ.አ. በኬንያ የነፃነት ቀን አንዲት ሳተላይት ተወንጭፋለች። ስሟ ኡሁሩ ነው፤ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት። የኤክስሬይ ጨረርን ብቻ ከሰማይ ለመቃኘት የተላከች የመጀመሪያዋ ሳተላይት እሷ ናት። አፍሪካ ምድር ወገብ ላይ ናት፤ ምድር በዚያ በኩል ፈጥና ስለምትዞር ሮኬት ከዚያ ሲነሣ ይቀለዋል። ይህ ሀብት የእኛ ሰፈር ነው። ያላየነው ስለሆነ ብቻ የሌላ መሰለን።

ስም የሚያወጣ ማን ነው?

ቡና ቤቱ ውስጥ ሌላም ነገር ተነሥቶ ነበር። «ሉሲ አሏት። ስሟን እንኳ ቀምተው!» ያለ ሰው ነበር። እውነት አለው። አጽሟ ሉሲ የተባለችው በዚያ በሀዳር ሰፈር ይዘፈን ከነበረ የቢትልስ ዘፈን ነው፤ ዓለምም በዚያው አወቃት።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ያቺ ያየኋት መንኮራኩር በመንገዷ ላይ አንዲት ትንሽ አስትሮይድ አለፈች። የአስትሮይዷ ስም ድንቅነሽ ነው፤ በአማርኛ። ስፋቷ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ምስሉ ሲደርስ ድንቅነሽ ብቻዋን አልነበረችም፤ የምትዞራት ጨረቃ ተገኘችላት። ለጨረቃይቱም ሰላም የሚል ስም ወጣላት። ሰላም፣ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመራው ቡድን በ2000 እ.ኤ.አ. በዲኪካ ያገኛት የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሕፃን ናት። ዘረሰናይ ያቺን ሕፃን ከአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ ለማውጣት ዓመታት ፈጅቶበታል፤ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ፣ ቅንጣት በቅንጣት እያነሣ።

ስሙ ሰማይ የደረሰው ስማችን ተሰረቀ ብሎ በመጮኽ አይደለም። አንድ ኢትዮጵያዊ ፀሐይ እየጠበሰው መሬቱን ትክ ብሎ ስላየ ነው። የሚያይ ሰው ስም ያወጣል፤ የማያይ ሰው በወጣው ስም ይከፋዋል። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ጃፓን ድረስ ሄደው፣ አይተው፣ ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን ብለው መጽሐፍ ጻፉ። በዚያን ጊዜም ሀገራችን ረሃብተኛ አላጣችም። «የራስዎ አሮብዎት የሰው ያማስላሉ» ብለው ያስቀሯቸው ቢኖሩ ኖሮ ዛሬ እኛ የምናነበው ምን ይሆን ነበር?

የከበደው ወቀሳ

እዚህ ላይ ካቆምሁ ግን ተንኮለኛ እሆናለሁ። ቡና ቤቱ ውስጥ የተወቀስሁበት ነገር የከበደኝ በእንጀራው አይደለም፤ በጦርነቱ ነው።

በዚያ ጥቅምት ጦርነቱ ትግራይን፣ አማራንና አፋርን አዳርሶ ነበር። ድንቅነሽ የወጣችበት የአፋር ምድር ራሱ አላመለጠም። ሮኬቱ ከዓይን ከተሰወረና ጉርምርምታው ካለፈ በኋላ ስልኬን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት የሞት ዜና ነው። ውኃው ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። በምን እንዳለቀስሁ ለይቼ አላውቅም። ከትንሽ ደቂቃ በፊት ከደስታ ብዛት ስጮኽ ነበርና አፈርሁ። እኒያ ጋሼ «ርችት» ሲሉኝ የነኩት ይህን እፍረት ነው።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። እኔ ብቀር አንድ ሰው ይተርፍ ነበር? አይተርፍም። ይህ ግን የሰነፍ መልስ ነው፤ ምንም ላለማድረግም ያገለግላልና። የተሻለው መልስ ይኼ ይመስለኛል። በዚያ ጦርነት ያጣነው ትልቁ ነገር የሚያይ ዓይን ነበር። ስልክ ተቆርጦ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ጋዜጠኛ ተከልክሎ፣ ሰው የገዛ እናቱን መኖር አለመኖር ሳያውቅ ወራት ከረመ። ባዶውን ቦታ የሞላው የጆሮ ምስክር ነው። እዚህ አትላንታ፣ እዚያ ዋሽንግተን፣ ማዶ ለንደን ሆነን ያላየነውን እንዳየን እየማልን እርስ በርስ ተዋቀስን፤ ቡና አብረን መጠጣት ያቆምን ሰዎች አለን። ያ ሁሉ ሰው ሀገር እየነደደች አይታይም ሲለኝ የነበረው፣ ራሱ ሳያይ ሲፈርድ የነበረ ሰው ነው። እኔም ከእነሱ አንዷ ነበርሁ።

ስለዚህ ማየት ልምድ ነው ብዬ አምናለሁ። ሌሊት ተነሥቶ፣ መንገድ ሄዶ፣ ቢንቢ እየበላ፣ ላይሆንም ይችላል እያለ ጠብቆ፣ ብርሃኑንና ድምፁን ለየብቻ ተቀብሎ፣ «ያየሁት ይህን ያህል ነው፣ ከዚህ በላይ አላየሁም» ማለት የሚማሩት ነገር ነው። ይህን በሮኬት ያልተማረ ሰው በጦርነት ይማረዋል ብዬ አልጠብቅም።

ጋሼ፣ ይህን ጽሑፍ ልጅዎ እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። ያን ቀን ዝም ያልሁት አክብሬዎት ነው፤ መልስም ስለሌለኝ ነው። ጥያቄዎ ከኔ ሳቅ ይበልጣል። ስለዚህ ቀጣዩ ማስወንጨፍ ሲቃረብ እደውልልዎታለሁ። ዓርብ ማታ እንነሣለን፤ በፔርሙዝ ቡና እይዛለሁ፤ ለቢንቢው የሚቀባ አለኝ። ውኃው ዳር ቆመን፣ እሳቱ ወጥቶ ድምፁ ገና ሳይደርስ፣ በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ የእንጀራውን ጥያቄ ጮክ ብለው ይጠይቁት። እኔም አብሬዎት እጠይቃለሁ።